ያልጮኸው ሳይረን

በከፋ ዞን ከምትገኘው ከዋጫ ከተማ በላይ ባለው መንደር ተራራው የተናደው ከቀትር በኋላ ነው። ዝናቡ ሳያባራ ሰንብቶ፣ የዚያን ዕለት ከምሳ በኋላ ጋብ ሲል ሰው ሁሉ ተንፈስ ብሎ ነበር። ከዚያ እንደገና ጀመረ፤ የሚወርድ ሳይሆን የሚደፋ ዝናብ። መሬቱ ሲለቅ ዳገቱ ሥር የነበሩትን ቤቶች ከነእንሰታቸውና ከነቡናቸው ጠርጎ ወረደ። ከሞቱት መካከል ዓባይነሽ የምትባል እናት ከሁለት ልጆቿ ጋር፣ እንዲሁም ከቦንጋ የመጣ በዛብህ የሚባል ወጣት ባለሙያ ነበሩ።

በዛብህን ወደዚያ መንደር ያወጣው ሥራው ነው። ቦንጋ ውስጥ በአንዲት ትንሽ የአደጋ ጥናት ማዕከል ይሠራ ነበር፤ ከሩሀማ ጋር። እሱ ከደብረ ማርቆስ፣ እሷ ከአዳማ በአንድ ዓመት ተመድበው የመጡ ናቸው። መጀመሪያ ያቀራረባቸው ዝናቡን አብሮ ማማረር ነበር። ልብስ አይደርቅ፣ ጫማ ይሻግታል፣ መብራት ይጠፋል። በኋላ ያው የሚያማርሩት ዝናብ ሥራቸው ሆነ፤ ሥራቸውም ፍቅራቸው። መስቀል ካለፈ በኋላ በዛብህ አዳማ ወደ ቤተሰቦቿ ሽማግሌ ሊልክ ተስማምተው ነበር።

የሠሩት መሣሪያ ሲያዩት ቀላል ነው። በአንድ የብረት ምሰሶ ላይ የዝናብ መለኪያ፣ ሶላር፣ ባትሪና ሳይረን ተሰቅሏል። ከምሰሶው በላይ ዳገቱ ውስጥ፣ አፈሩ ሲንሸራተት አብሮ የሚያዘም ዘንግ ተተክሏል። መሐል ላይ በፕላስቲክ ሳጥን የታሸገች፣ መዳፍ የምታክል ኮምፒውተር አለች። ዝናቡ ከልክ ካለፈ ወይም ዘንጉ ካዘመመ ሳይረኑ ይጮሃል፤ የመንደሩ ሰው ወደ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ይወርዳል።

ምሰሶው የቆመው የዓባይነሽ ታላቅ ወንድም በሆኑት በጋሽ አብዮት ማሳ ላይ ነው። ሶላሩን የሚጠርጉት እሳቸው፣ በየሳምንቱ ቁልፉን ተጭነው ሳይረኑን የሚሞክሩት እሳቸው ነበሩ። ሁልጊዜም ይጮህ ነበር። ልጆች ጆሯቸውን ይዘው እየሳቁ ይሮጡ ነበር።

ያን ቀን ግን አልጮኸም።

ሩሀማ ወሬውን የሰማችው ቦንጋ ቢሮ ቁጭ ብላ ነው። መጀመሪያ የደወለችው ለእሱ ነበር። ስልኩ ዝግ ነው። ደጋግማ ደወለች፤ አስከሬኑን ከጭቃው ውስጥ እንዳወጡት እስኪነግሯት ድረስ ደወለች።

አባቱ አቶ ገብረኪዳን አስከሬኑን ወስደው ደብረ ማርቆስ ቀበሩት። ሩሀማም አብራ ሄደች። እዚያ ግን ማን እንደሆነች የሚያውቅ የለም። ሽማግሌ አልተላከ፣ ቀለበት አልታሰረ። አንዲት አክስቱ ለለቅሶተኛው «የሥራ ባልደረባው ናት» ብላ አስተዋወቀቻት። እሷም እንደ ባልደረባ ለቅሶዋን አፍና፣ ከሴቶቹ መጨረሻ ተቀምጣ ዋለች። ስትመለስ አባቱ ብቻ እጇን ይዘው «ስምሽን ነግሮኛል» አሏት። 

ቦንጋ ስትመለስ ጥፋተኛው ተገኝቶ ነበር። ባትሪው ሞቶ ነው ተባለ። ጋሽ አብዮት ሶላሩን ሳይጠርጉ ቀርተው፣ ባትሪው ሳይሞላ ቀርቶ፣ ሳይረኑ አቅም አጥቶ። የማዕከሉ ኃላፊ ዶክተር ልዑልቃል ለበላይ አካል በላኩት ሪፖርት ላይ «የአያያዝ ጉድለት» የሚል ቃል አስገብተዋል። ቃሉ መንደሩ ዘንድ የደረሰው ተለውጦ ነው። እዚያ «አብዮት እህቱን ገደለ» ሆኗል።

የዓባይነሽ ባል ኢሳይያስ ጋሽ አብዮትን ከገዛ እህታቸው ለቅሶ አስወጣቸው። በድንኳኑ በር ላይ ቆሞ «አንተ እዚህ አትገባም» አላቸው፤ ሰው ሁሉ እየሰማ። ጋሽ አብዮት አልተከራከሩም። ባርኔጣቸውን እንደያዙ ዞረው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ሩሀማ ሳጥኑን ለማውረድ ወደ መንደሩ የወጣችው ከዚህ በኋላ ነው። ምሰሶው ከናዳው ጠርዝ ትንሽ ራቅ ብሎ እንደቆመ ቀርቷል። ባትሪውን ለካችው። ሙሉ ነበር። መለኪያው ተበላሽቶ እንደሆነ ብላ በሌላ ለካችው። ያው ነው። ሶላሩ ላይ ጭቃ የለበትም፤ ዝናቡ ያጠበው ብቻ ሳይሆን የሰው እጅ ያጸዳው መሆኑ ከጠርዙ ያስታውቃል። ጋሽ አብዮት ከሩቅ ቆመው ያይዋት ነበር። አልቀረቡም። እሷም ያየችው ገና ስላልገባት ምንም ሳትላቸው ሳጥኑን ይዛ ወረደች።

ባትሪው ካልሆነ ምንድን ነው? ይህ ጥያቄ በሄደችበት ተከተላት። በባጃጅ ስትሄድ፣ ገበያ ስትገባ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ስትቆም። መሣሪያው ከመተከሉ በፊት በላብ ውስጥ ብዙ ጊዜ ተፈትኗል፤ አንድም ቀን ዝም ብሎ አያውቅም።

በመጨረሻ የላብ ቴክኒሻኗን አስማን ጠርታ ሁሉንም ነገር እንደ ተራራው አድርገው ጠረጴዛ ላይ አቆሙት። የወረደችው ኮምፒውተር ራሷ፣ የዝናብ መለኪያ፣ በአፈር በተሞላ ባልዲ ውስጥ የቆመ ዘንግ።

«አንቺ ውኃ አፍስሺ፣ እኔ ዘንጉን አዘነብላለሁ» አለቻት።

«በየተራ?»

«አይ፣ እኩል። ተራራው የተናደ ቀን ሁለቱም አንድ ላይ ነው የመጡት።»

አፈሰሱ፣ አዘነበሉ። ሳይረኑ ጮኸ። ደገሙት። ጮኸ። ከጎን ክፍል ያሉ ሠራተኞች ተማርረው በሩን እያንኳኩ ሄዱ። አስማ እጇ ዝሎ «ሩሂ፣ ይብቃን» ስትል ሩሀማ «አንዴ ብቻ» አለቻት። አንዴ፣ ሌላ አንዴ፣ ሌላም።

ከዚያ አንድ ጊዜ ውኃው ፈሰሰ፣ ዘንጉ አዘመመ፣ ምንም ድምፅ አልነበረም።

ሁለቱም ተያዩ። ኮምፒውተሯ መብራቷ በርቷል፤ ግን ለምንም ነገር መልስ አትሰጥም። አስማ ቀስ ብላ ጣሳውን አስቀመጠች። ሩሀማ ከወንበሩ ላይ ተቀምጣ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። በዚያ ዝምታ ውስጥ በዛብህ ምን እንደሰማ አወቀች። ምንም አልሰማም።

ኮዱን ስትከፍት ስህተቱን ለማግኘት ብዙ አልፈጀባትም፤ ምን እንደምትፈልግ አውቃለች። የዝናብና የዘንግ መለኪያዎቹን ከሳይረኑ ጋር የሚያገናኘው ክፍል የሚሠራው በከርነሉ ውስጥ ነው። ከርነል የኮምፒውተሩ ሥርዓት እምብርት ነው፤ እዚያ የገባ ስህተት አንድ ፕሮግራም ብቻ አይጥልም፣ ሁሉን ይዞ ይቆማል። ያን ክፍል የጻፈው በዛብህ ነበር። ባትሪ ለመቆጠብ ሲባል የሳይረኑ ነገር ሁሉ አስቀድሞ እንዳይሰናዳ፣ በተፈለገ ሰዓት ብቻ እንዲሰናዳ፣ ጮኾ ሲያበቃም መልሶ እንዲጠፋ አድርጎታል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ዝናባማ በሆነው በከፋ ዞን ሰማይ ሥር ፀሐይ በቀላሉ አይገኝም።

ኮዱ መጀመሪያ «ሳይረኑ ተሰናድቷል ወይ?» ብሎ ያያል። ካልተሰናዳ ያሰናዳል፤ ከተሰናዳ ይጠቀምበታል። አንድ ጠያቂ ብቻ ሲመጣ ይህ ምንም ችግር የለውም። ጋሽ አብዮት ቁልፉን ሲጫኑ ጠያቂው አንድ ነው። በላብ የፈተኑባት አሮጌ ኮምፒውተር ደግሞ ሁሉን ነገር በየተራ የምትሠራ ባለ አንድ ኮር፣ ባለ አንድ አንጎል እንደማለት፣ ነበረች። ተራራው ላይ ያለችው ግን ባለ ብዙ ኮር ናት፤ ሁለት ሥራ በእርግጥም በአንድ ቅጽበት ትሠራለች። ያን ቀን ዝናቡና መሬቱ አንድ ላይ መጡ። የመጀመሪያው ገና ማሰናዳት እንደጀመረ «ተሰናድቷል» የሚያሰኘውን ምልክት ሰቀለ፤ ውስጡ ግን ገና ባዶ ነው። ሁለተኛው ምልክቱን አይቶ፣ አምኖ ገባ። አንዱ የሌላውን አፈረሰው። ከዚያ አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ፣ ሌላውም አንዱን ሲጠብቅ፣ ሁሉም ነገር ቆመ።

ማስተካከሉ ረጅም ሥራ አልነበረም። ማሰናጃው ላይ መቆለፊያ አደረገች፤ አንዱ ገብቶ እስኪጨርስ ሌላው በር ላይ እንዲጠብቅ፣ ተራው ደርሶ ሲገባም እንደገና እንዲያይ፣ የተሰናዳውን መልሶ እንዳያሰናዳ። ምልክቱን ደግሞ መጨረሻ ላይ አደረገችው። ከዚያ ቆም አለች። ፕሮሰሰሩ ለፍጥነት ብሎ የትእዛዞችን ቅደም ተከተል ሊያዛባ እንደሚችል ታውቃለች፤ እሷ መጨረሻ ላይ የጻፈችውን ምልክት ሌላው ኮር ቀድሞ ሊያየው ይችላል። «ከዚህ በፊት ያለው ሁሉ ሳያልቅ ይህ አይታይ» የሚለውን ትእዛዝ በአንድ በኩል፣ «ይህን ካየህ በኋላ ብቻ ውስጡን እይ» የሚለውን በሌላ በኩል መጨመር አለባት። ልክ መሆኗን ለመጠየቅ ወደ ጎን ዞረች። እንዲህ ያለውን ነገር ሁልጊዜ የምትጠይቀው እሱን ነበር። ወንበሩ ላይ የአስማ ሹራብ ተሰቅሏል።

አስማ ሳምንቱን ሙሉ ውኃ ስታፈስ ሰነበተች። ሳይረኑ አንድም ጊዜ ዝም አላለም።

ሩሀማ ወደ ዶክተር ልዑልቃል ቢሮ ገብታ ሁሉንም አስረዳቻቸው። ዶክተሩ ክፉ ሰው አይደሉም። ሰምተው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ።

«ሪፖርቱ ሄዷል እኮ ሩሀማ።»

«ስህተት ነው የሄደው። ይስተካከል።»

«ኮዱን አስተካክለሻል አይደል? ዋናው እሱ ነው። ለሚቀጥለው መሣሪያ ይሆናል። የሞተን ልጅ ስም ማንሣት ግን ለማን ይጠቅማል?»

«ለጋሽ አብዮት።»

«አባቱ ሰሞኑን ዕቃውን ሊወስዱ ይመጣሉ። ምን ብለሽ ትነግሪያቸዋለሽ? ልጅዎ በሠራው ስህተት ሰው አለቀ ትያቸዋለሽ? አንቺ?»

ይህ ጥያቄ ሩሀማ ራሷን ጠይቃ ጠይቃ የደከመችበት ነው። በሕይወት ቢኖር ራሱ በዛብህ መጀመሪያ ተነሥቶ እንደሚናገር ታውቃለች፤ ስህተቱን ሲያገኝ እንደ ልጅ ጠረጴዛ የሚመታ ሰው ነበር። ግን እሱ የለም። እሱ በሌለበት የእሱን ጥፋት መናገር፣ እሱ ራሱ ከሚናገረው ጋር አንድ አይደለም።

«ጋሽ አብዮት የእህታቸውን ለቅሶ እንኳ አልተቀመጡም» አለች ስትወጣ።

አቶ ገብረኪዳን በሳምንቱ መጡ። ረጅም፣ ጎበጥ ያሉ አናጢ ናቸው። የልጃቸውን ልብሶችና መጻሕፍት በሁለት ሻንጣ ከተቱ፤ አልጋውንና ወንበሩን ለጎረቤት ሰጡ። ከዚያ «ልጄ ያረፈበትን ቦታ አሳዩኝ» አሉ። ሩሀማ ይዛቸው በሚኒባስ ወደ ዋጫ ወረደች።

መንገዱ ላይ አቶ ገብረኪዳን ጫካውን ያያሉ። አንድ ጊዜ ብቻ «ደን ነው ሁሉ ነገር» አሉ፤ «እንዲህ ያለ አገር መሬት ይሸሻል ብሎ ማን ይጠረጥራል?» ዋጫ ሲቃረቡ ግን ዞር ብለው «ያን ሰውዬ አገኘዋለሁ?» ብለው ጠየቋት።

«ማንን አባባ?»

«ባትሪውን የገደለውን። ልመታው አይደለም። ፊቱን ብቻ ላየው ነው የምፈልገው። ልጄን በስንፍናው የበላብኝ ሰው ምን እንደሚመስል።»

ሩሀማ ከሚኒባሱ እንደወረዱ ወደ መንደሩ የሚያወጣ ባጃጅ እስኪገኝ አንድ ሻይ ቤት ይዛቸው ገባች። ሻዩ መጣ። አልነኩትም።

«አባባ፣ ወደ ላይ ከመውጣታችን በፊት የምነግርዎ ነገር አለ። ባትሪው ደህና ነበር። ሰውየው ምንም አላጠፉም።»

«ታዲያ ምን ሆኖ ነው?»

እንዴት ብላ እንደምትናገረው ብዙ አስባበት ነበር፤ ሁሉም ጠፋባት። በዛብህ የነገራትን አስታወሰች፤ እናቱ ጠላ እየጠመቀች እንዳሳደገችው።

«ባለቤትዎ ጠላ ሲደርስ ደጅ ላይ ጣሳ በዘንግ ይሰቅሉ ነበር አይደል? ጠጪ ጣሳውን አይቶ እንዲገባ።»

«አዎ።»

«ጠላው ሳይደርስ ጣሳው ቢሰቀልስ? ሰው ገብቶ ጋኑን ቢከፍተው፣ ጥንስሱን ቢያበላሸው? እሳቸውም አይጨርሱ፣ እንግዳውም አይጠጣ። ኮምፒውተሩ ውስጥ የሆነው እንዲህ ነው። ሳይረኑ ተሰናድቶ ሳያልቅ ተሰናድቷል የሚል ምልክት ተሰቀለ። ሁለት ትእዛዝ አንድ ላይ መጣና ተጠላለፈ።»

ሽማግሌው አዩዋት። አናጢ ናቸው፤ የአንድ ነገር ሠሪ እንዳለው ያውቃሉ።

«ጣሳውን ማን ሰቀለው?» አሉ።

«በዛብህ ነው የጻፈው። ሁላችንም አይተነዋል፣ ሁላችንም አልፈነዋል። ግን የጻፈው እሱ ነው።»

ብርጭቆውን ገፋ አደረጉት። ድምፃቸው አልጮኸም። እንዲያውም ዝቅ አለ።

«ማን ጠየቀሽ?»

«ሰውየው በሌሉበት ጥፋት—»

«እሱ በሕይወት አለ። በላ፣ ጠጣ፣ ነገም ይነሣል። የእኔ ልጅ የቀረው ስሙ ብቻ ነበር።» ከዚያ «አንቺ ልታገቢው የነበርሽ አይደለሽ?» አሏት።

«ነኝ።»

«ወይ ጉድ» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ። ተነሡ። «ሻንጣዎቹ ቦንጋ ናቸው። እኔ ልመለስ።»

«ቦታውን ሳያዩ?»

«ምኑን አያለሁ?»

ተከትላቸው እስከ መናኸሪያው ድረስ ሄደች። መቀመጫ እንዲያገኙ ረዳቱን ለመነችላቸው። በመስኮቱ በኩል አላዩዋትም። መኪናው ሲንቀሳቀስ በሽማግሌው ትከሻ ላይ ጋቢያቸው ሲንሸራተትና እሳቸው ሳያነሡት ሲቀሩ አየች። እዚያው መናኸሪያው ግንብ ሥር ተቀምጣ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ያፈነችውን ለቅሶ ሁሉ አለቀሰች። አንዲት ሙዝ የምትሸጥ ሴት ምንም ሳትጠይቃት መጥታ ከጎኗ ተቀመጠች።

ወደ መንደሩ የወጣችው ብቻዋን ነው።

ጋሽ አብዮት ቡናቸው ውስጥ ብቻቸውን ሲመነጥሩ አገኘቻቸው። ሌላ ጊዜ እንዲህ ያለው ሥራ በደቦ ይሠራ ነበር፤ አሁን የሚጠራቸውም የሚመጣላቸውም የለም። ገጀራውን መሬት ላይ ሰክተው ቆሙ።

«ኢንጂነር፣ ደህና ነሽ? ልጁን ቀበራችሁ?»

«ቀበርነው ጋሽ አብዮት። እርስዎን ፈልጌ ነው የመጣሁት። ባትሪው ሙሉ ነበር። ሶላሩም ንጹህ ነበር። ስህተቱ የእኛ ነው፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ። እርስዎ ምንም አላጠፉም።»

ፊታቸው ላይ ደስታ አላየችም፤ ንዴትም አላየችም። ቀስ ብለው የቡናው ግንድ ሥር ተቀመጡ።

«ጠርጌዋለሁ» አሉ።

«አውቃለሁ።»

«ጠርጌዋለሁ ስል ነበር መጀመሪያ። ሰው ሁሉ አልጠረግህም ሲለኝ፣ እኔም ምናልባት አልጠረግሁት ይሆናል አልኩ። ስተኛ አየዋለሁ። አንዳንዴ ስጠርገው፣ አንዳንዴ ሳልጠርገው። አሁን የቱ እውነት እንደሆነ ጠፋብኝ። ዓባይነሽን እኔ ነኝ የገደልኳት ብዬ አምኜ ነበር እኮ።»

ሩሀማ ከጎናቸው ተቀመጠች።  ከታች ናዳው የተወው ቀይ መሬት ይታያል፤ አረም ገና አልሸፈነውም።

«ለኢሳይያስ ንገሪው» አሏት በመጨረሻ። «እኔ ብናገር አይሰማኝም።»

ኢሳይያስ ከታች፣ ዘመዶቹ ግቢ ውስጥ በሸራ በተሠራ መጠለያ ይኖር ነበር። ወጣት ነው፤ ፊቱ ግን ጠቁሯል። ቁጭ በይ አላት። ስትናገር መሬት መሬቱን እያየ ሰማት። ስትጨርስ ቀና አለ።

«ያ ልጅ ቤቴ ነበር» አለ። አማርኛው ቀስ ያለ ነው፤ ቃላቱን እየመረጠ ነው የሚናገረው። «ዝናቡ ሲጠናበት ገባ። ዓባይነሽ ኮጮ ሰጠችው። ከዚያ ከላይ ድምፅ ሰማን። እንደ ድንጋይ መፋጨት። እሷ ፈራች። ልጆቹን ተነሡ አለቻቸው፣ ወደ ሜዳ እንውረድ አለች። ያ ልጅ ሳቀ። ክፉ ሳቅ አይደለም። 'አይዟችሁ፣ እኔ ነኝ የሠራሁት። ካልጮኸ ምንም የለም' አላት። እሷም ተቀመጠች።»

ሩሀማ ዞራ ናዳው የወረደበትን አየች።

«እኔ በሬዬን ላስገባ ወጣሁ። እኔ ብቻ።» እጁን ዘርግቶ ወደ ቀዩ መሬት አመለከተ፤ መልሶ ጭኑ ላይ ጣለው። «ልጁ እርግጠኛ ነበር። እንዲህ እርግጠኛ የሆነ ሰው አይሳሳትም አልኩ። ስለዚህ አብዮት ነው አልኩ። አንድ ሰው መሆን አለበት አይደል?»

«ኢሳይያስ፣ ይቅር በለን።»

«አሁን ማንን ልጥላ?» አላት። ጥያቄው የእውነት ነበር፤ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ዓይኖቿን አያቸው። «አብዮት አይደለም። ልጁ ከልጆቼ ጋር ሞቷል። የእሱን እሬሳ ሳወጣ ትንሿን ልጄን አቅፏት ነበር። ማንን ልጥላ?»

ይህን ማንም አልነገራትም ነበር። ልጅቷን ማቀፉን። ሩሀማ በሁለት እጇ አፏን ይዛ ስትንሰቀሰቅ ኢሳይያስ አላጽናናትም፤ ግን አልሄደምም። ጀንበሯ ወደ ጫካው እስክታዘቀዝቅ ድረስ ሁለቱም እዚያው ተቀመጡ።

ከዚያ በኋላ ነገሮች ሙሉ በሙሉ አልተቃኑም። ዶክተር ልዑልቃል ሪፖርቱን አስተካከሉ፤ ደስ ሳይላቸው ግን በትክክል። ጋሽ አብዮትን መንደሩ ቀስ በቀስ ወደ ደቦው መለሳቸው። በዓባይነሽ ተዝካር ቀን ኢሳይያስ ሰው ልኮ አስጠራቸው። መጡ፤ ድንኳኑ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። እሱም ምግብ ይዞ ሲዞር እሳቸው ዘንድ ሲደርስ ቆም ብሎ አቀረበላቸው። 

ሳይረኑን ግን መንደሩ አልፈለገውም። ሩሀማ ተስተካክሏል፣ ተፈትኗል ብላ ብታስረዳ፣ ጋሽ አብዮት ራሳቸው በሰው ሁሉ ፊት «ልጄ፣ አንቺን አምነናል። እሱን ግን አናምነውም» አሏት። «ከእንግዲህ ተራራው ድምፅ ሲያሰማ እንወርዳለን። እሱን አንጠብቅም።» ልክ እንዳልሆኑ አውቃለች፤ ልክ እንደሆኑም አውቃለች። ምሰሶውን አስነቅላ ወሰደች።

በሚቀጥለው ክረምት ያው መሣሪያ ቢታ ገነት አካባቢ ባለ ሌላ ዳገት ላይ ተተከለ። በሐምሌ አጋማሽ፣ ጠዋት ሰው ወደ ገበያ ሊወጣ ሲሰናዳ ጮኸ። ዝናቡና ዘንጉ አንድ ላይ ነው የጠሩት። ሰዎቹ ወረዱ። መሬቱ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ለቀቀና አንድ የቡና ማሳና ባዶ የከብት በረት ይዞ ሄደ። ሰው አልሞተም። የቀበሌው ሊቀመንበር ስልክ ደውሎ ሲነግራት ከኋላው የሰዎች እልልታ ይሰማ ነበር። ሩሀማ «እግዚአብሔር ይመስገን» አለችው። ስልኩን ዘግታ በመስኮቱ የቦንጋን ዝናብ እያየች ቆመች። አስማ ሮጣ መጥታ አቀፈቻት። የመጀመሪያዋ ሐሳብ ለበዛብህ መንገር ነበር።

ወሬውን ለአባቱ ማን እንዳደረሰላቸው አላወቀችም። አንድ እሑድ ስልኳ ጠራ፤ የደብረ ማርቆስ ቁጥር ነው።

«ጮኸ አሉ» አሉ አቶ ገብረኪዳን፣ ሰላምታም ሳይሰጡ።

«ጮኸ አባባ። ማንም አልሞተም።»

«የእሱ ሥራ ነው ወይስ ያንቺ?»

አሰበች። በውሸት የሚመለስ ጥያቄ አልነበረም። «አብዛኛው የእሱ ነው። እኔ ያረምኩት ጥቂት መስመር ነው።»

«ስሙን ከውስጡ አጥፍተሻል?»

«የለም። ኮዱ ራስጌ ላይ የጻፈው እሱ እንደሆነ ተጽፏል። የእኔ ስም ከሥር ነው።»

ከወዲያ በኩል ምንም አልተሰማም። መስመሩ የተቋረጠ መስሏት ስልኩን ከጆሮዋ አንሥታ አየችው። አልተቋረጠም።

«ደህና ሁኚ» አሉ ሽማግሌው። ይቅር ብያለሁ አላሉም፤ እሷም አልጠየቀችም። ከዚያ ወዲህ አልደወሉም። ሩሀማም ለበዓል በምትደውልላቸው ጊዜ ስልኩን የሚያነሣው ሌላ ሰው ነው፤ «ደህና ናቸው፣ ተኝተዋል» ይላታል፣ እሷም «ሰላም በሉልኝ» ብላ ትዘጋዋለች።